የትራክተር ናፍጣ በቤት ለማከማቸት፦ በርሜል፣ ቆጥ ላይ የተሰቀለ ታንከር ወይስ ባለ ፓምፕ?

ትራክተሩ አልነሣም ባለ ዕለት ጠዋት ከበርሜሉ ሥር በብርጭቆ ናፍጣ ቀድቼ ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ከላይ ያለው ወርቃማና ጥርት ያለ ነበር። ከታች አንድ ጣት ያህል ውሃ ተኝቷል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ልጋግ የመሰለ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል። በርሜሉ አዲስ ነበር፤ ናፍጣውም በገባበት ቀን እንከን አልነበረውም። ሁሉም ነገር የተበላሸው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ለትራክተሩ በግቢው ናፍጣ ማከማቸት የፈለገ ሰው «ስንት ሊትር የሚይዝ ልግዛ?» ሲለኝ «ውሃው በየት በኩል ይወጣል?» ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ።

የተከማቸ ናፍጣ ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም። ታንከር ይተነፍሳል፤ ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ይስባል። እርጥበቱ ናፍጣ ባልደረሰበት ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይያዝና ተንጠባጥቦ ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል፤ እዚያም ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ። ኑሯቸው ውሃው ውስጥ፣ ቀለባቸው ናፍጣው ነው። ያ ጥቁር ልጋግ እነርሱና ትራፊያቸው ነው፤ ፊልትሮ የሚደፍነውም እርሱ ነው። ባዮዲዝል (ከዘይትና ከሞራ የሚሠራ ነዳጅ) የተቀላቀለበት ናፍጣ ደግሞ ካልተቀላቀለበት ይልቅ እርጥበት ይይዛል። ከዚህ በታች አማራጮቹን ሳነጻጽር ዋጋቸውንና ምቾታቸውን አልረሳም፤ ግን ሚዛኔ በዋናነት ውሃው ነው።

ምን ያህል መያዝ አለበት?

75 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ቀላሉንም ከባዱንም ሥራ አማካኝ አድርገን ስናሰላው በሰዓት ከ12 እስከ 13 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። ማረሻ ጎትቶ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ወደ 17 ሊትር ሊደርስ ይችላል። በቀን 8 ሰዓት ከሠራ 100 ሊትር ሄደ ማለት ነው። የራስዎን ትራክተር ፍጆታ ለማወቅ ግን ከማንም ስሌት ይልቅ ታንኩን አፉ ድረስ ሞልተው አንድ ቀን ሙሉ ማረስ፣ ማታ እንደገና ሲሞሉት የገባውን መለካት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ድንበሮች አሉ። የታችኛው ድንበር ሥራ በሚበዛበት ሰሞን በሁለት አቅርቦቶች መካከል የሚቃጠለው መጠን ነው። ናፍጣ በቦቴ የሚመጣልዎ ከሆነ አቅራቢው ከስንት ሊትር በታች እንደማያመጣ አስቀድመው ይጠይቁ። ቦቴው ከ1000 ሊትር በታች አያራግፍም ከተባለ 1000 ሊትር የሚይዝ ታንከር መግዛት ስሕተት ነው፤ ታንከሩ እስኪደርቅ ጠብቆ የሚያዝ ሰው የለምና። 1500 ይሁን።

የላይኛው ድንበር ዕድሜ ነው። ናፍጣ ጥላ ሥር፣ በቀዝቃዛ ቦታ፣ ከውሃ ተጠብቆ ከተቀመጠ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ሙቀቱ ዘወትር ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚበልጥበት ቦታ ግን 6 ወርም በዝቶበት ይጠቁራል፣ ሙጫ መሳይ ዝቃጭ ይጥላል። ስለዚህ በ6 ወር ከሚያቃጥሉት በላይ የሚይዝ ታንከር በርካሽ ቢያገኙም አይግዙ። ግማሽ ጎኑ ባዶ ሆኖ የሚከርም ትልቅ ታንከር ጤዛ የሚይዝበት ሰፊ ግድግዳ አለው፤ ትንሹ እየሞላ እየጎደለ ሲሠራ ይህ ችግር ይቀንስለታል።

የተጻፈበትን ያህል ሊትርም አይሞሉትም። 1000 ሊትር ናፍጣ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 17 ሊትር ያህል ያብጣል። አፉ ድረስ የተሞላ ታንከር ከቀትር በኋላ በመተንፈሻው ቢያንጠባጥብ አይገረሙ፤ ከመቶ አምስት እጁን ባዶ ይተዉለት።

ጀሪካን

በወር ከ100 ሊትር በታች ለሚያቃጥል ትንሽ ትራክተር ጀሪካን ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ሲሆን ግን ድካሙ ይበዛል። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 17 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ እርሱን ደረት ድረስ አንሥቶ፣ በማፍሰሻ አስተካክሎ፣ አምስት ጊዜ መደጋገም ወገብ ይፈጃል። የፈሰሰውም ጎማው ላይ ይቀራል፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። አንድ መልካም ጎን አለው፦ ናፍጣው ስለማይከርም ውሃ የሚጠራቀምበት ጊዜ አያገኝም። ለናፍጣ የተመደበው ጀሪካን ቤንዚን አይንካው፤ ቀለሙን ይለዩ፣ ስሙንም ይጻፉበት። ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበት ናፍጣ እንደ ናፍጣ ሳይሆን እንደ ቤንዚን ይቀጣጠላል።

በርሜል

ብዙዎቻችን የጀመርነው በ200 ሊትሩ የብረት በርሜል ነው። ርካሽ ነው፣ ይገኛል፣ ይንከባለላል፤ ሲሞላ ሁለት ኩንታል ሊደፍን ትንሽ ይቀረዋል። የእጅ ፓምፕ አፉ ላይ ተጠምዝዞ ይገባለታል። ጉዳቱ የሚመጣው ከአቀማመጡ ነው፤ የኔንም ጉድ ያመጣው ይኸው ነው።

ዝናብ ላይ የቆመን በርሜል ልብ ብለው ይመልከቱት። የላይኛው ፊቱ ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር ስላለው ውሃ ይቋጥራል። የፊቱ ስፋት ከጫፍ ጫፍ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር ውሃ ሁለት ሊትር ተኩል ይሆናል። ያ ውሃ ክዳኖቹን ሸፍኖ ይተኛል። ፀሐይ ስትወጣ በርሜሉ ሞቆ በክዳኑ ጥርስ በኩል አየር ያስተነፍሳል፤ ከቀትር በኋላ ዝናብ ሲወርድበት ድንገት ይቀዘቅዝና ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያ ሰዓት ክዳኑ ላይ ያለው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። የዚያ ዕለት ብርጭቆዬ ላይ ያየሁት አንድ ጣት ውሃ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ክዳኑ ጠብቆ ነበር፤ በመፍቻ ነው ያጠበቅሁት። የክዳን መጥበቅ የበርሜልን ትንፋሽ አያቆምም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የተዘጋ በርሜል ከጣሪያ ሥር ይቀመጥ። ጣሪያ ከሌለ በጎኑ ይጋደም፤ ሲጋደም ሁለቱ ክዳኖች አንዱ ከሌላው በላይ ሳይሆን ጎን ለጎን፣ በሰዓት ፊት ላይ እንደ 3 እና 9 ቁጥሮች ትይዩ ይሁኑ። ያን ጊዜ ሁለቱንም ከውስጥ ናፍጣ ስለሚሸፍናቸው በርሜሉ አየርም ሆነ ውሃ የሚስብበት አፍ አያገኝም። ማቆም ግድ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ በአንድ በኩል እንጨት ያስገቡና ዘንበል ያድርጉት፤ ውሃው ከክዳኖቹ ርቆ እንዲቋጠር።

በርሜል መውረጃ የለውም፤ ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው። ከታች የተኛውን ውሃ የሚያስወግዱት የፓምፑን ቱቦ እስከ ሥሩ አውርደው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሊትር ወደ ሌላ ዕቃ በመቅዳት ነው። በተረፈ ግን ቱቦው ከሥሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆረጥ። በሁለት በርሜል መሥራት ደግሞ ከአንዱ ይሻላል፤ አንዱ ሲቀዳ ሌላው ያርፋል፣ ቆሻሻውም ይዘቅጣል።

ያገለገለ በርሜል የሚገዛ ሰው ምን ይዞበት እንደነበር ካላወቀ ይተወው። ባዶ ነው ብለውም በርሜል ላይ ብየዳ ወይም የመቁረጫ ዲስክ እንዳያሳርፉ። ከተሞላው ይልቅ ባዶው ይፈነዳል፤ ውስጡ የቀረው ተን ነውና።

በብረት ፍርግርግ የታቀፈው የ1000 ሊትር ፕላስቲክ

ይህንን ነጭ ሣጥን መሳይ ዕቃ ያላየ የለም። ከሥሩ ሰፊ ቫልቭ አለው፣ ሊትሩ ከውጭ ተጽፎ ይታያል፣ ዋጋውም ከተመሳሳይ የብረት ታንከር እጅግ ያነሰ ነው። የሚያጓጓው ይኸው ነው፤ እኔ ግን ለቋሚ ማከማቻነት አልመርጠውም።

ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ስለሆነ ፀሐይ ናፍጣውንም ፕላስቲኩንም ታረጃለች፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ፕላስቲኩ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የቫልቩ ጎማ ለናፍጣ የተሠራ ካልሆነ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ ከሥሩ ያለ ቫልቭ ሲከዳ ደግሞ ሺውም ሊትር መሬት ላይ ነው። እሳት ከተነሣ ቶሎ ቀልጦ ነዳጁን ይለቃል፤ ላሜራ ቢያንስ ጊዜ ይሰጣል። በዚያ ላይ ወለሉ ጠፍጣፋ በመሆኑ ውሃው አንድ ቦታ ተሰብስቦ አይወጣም። ሁለት ሦስት ሣምንት ለሚፈጅ ሥራ፣ ከጣሪያ ሥር፣ መያዣ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ፣ በላዩ ሸራ ጣል ተደርጎበት ቢያገለግል አልከራከርም። ዓመት ሙሉ ውጭ ቆሞ አረንጓዴ የሆነውን ግን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

ለውሃ የተሠራ ተራ ፕላስቲክ ታንከርም ከዚሁ ወገን ነው። መልኩ ጥቁር መሆኑ ብርሃኑን ይከለክልለታል፤ የመጋጠሚያዎቹ ጎማ ግን ለናፍጣ አልታሰበም።

የላሜራ ታንከር፦ ቆጥ ላይ ወይስ መሬት ላይ?

ዋናው ምርጫ እዚህ ነው፤ ከ500 ሊትር በላይ ለሚያስፈልገው አብዛኛው ገበሬ ጥያቄው ወደ ሁለቱ ይወርዳል።

ሁለቱም የሚጋሩትን ላስቀድም። ታንከሩ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተበየደ ጋድም ሲሊንደር ቢሆን ይመረጣል። ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.3 ሜትር ከሆነ 1000 ሊትር ይይዛል። ውስጡ ቀለም አይቀባ፤ ውጪው ነጭ ወይም ሌላ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይቀባ፣ ፀሐይን እንዲመልስ። ዚንክ የተለበጠ ላሜራና ቧንቧ ፈጽሞ አይሁን፤ ናፍጣ ዚንኩን እያሟሟ ወደ ሞተሩ ይወስደዋል፣ ናፍጣውን በሚረጨው ኢንጀክተር ላይም ይጋገራል። መዳብም የናፍጣን መበላሸት ስለሚያፋጥን በቧንቧነት አይመከርም። አብዛኛው ሠራተኛ «ዚንክ እኮ አይዝግም» ብሎ ሊያሳምንዎ ይሞክራል። ለውሃ ቧንቧ እውነቱን ነው፤ ለናፍጣ አይደለም።

ከዚያ ዘንበል መደረግ አለበት፤ በሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። በዝቅተኛው ጫፍ መውረጃ ቫልቭ ይበየዳል፤ የናፍጣ መውጫው ግን በከፍተኛው ጫፍ፣ ከሥሩ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሆናል። ይህች ትንሽ ዝንባሌ ከውድ ፊልትሮ በላይ ትሠራለች። በየወሩ መውረጃውን ከፍተው በጠራ ብርጭቆ ይቅዱ፤ ውሃው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲመጣ ይዝጉ። በርሜል የከለከለኝ ይህንን ነበር።

አሁን ወደ ልዩነቱ። ቆጥ ላይ የተሰቀለ ታንከር ናፍጣውን በስበት ያወርዳል። መብራት አይፈልግም፣ ባትሪ አይፈልግም፣ የሚቃጠል ሞተር የለውም። ትራክተሩን ከሥሩ አቁሞ የመቅጃውን ጎማ (ቱቦ) ከትቶ ቫልቭ መክፈት ብቻ ነው። የተሞላው ታንከር ከነላሜራው ወደ 10 ኩንታል ስለሚጠጋ ቆጡ በእንጨት ሳይሆን በብረት፣ እግሮቹም በኮንክሪት ተቀብረው ይሠሩ። ትራክተር ገጭቶ የጣለው ቆጥ መኖሩን አይርሱ፤ እግሮቹን የሚከላከል ሁለት የብረት ምሰሶ ከፊት ይትከሉ።

ስበት ግን ደካማ ጉልበት ነው። በ2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ናፍጣ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ያህል ብቻ ነው። ደቃቅ ፊልትሮ ሲገባበት አወራረዱ ይዳከማል፤ ስለዚህ ሰውየው ይሰለችና ፊልትሮውን ያወጣዋል። በቆጥ ታንከሮች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት ይህ ነው። መፍትሔው ፊልትሮውን መጣል ሳይሆን ከሚያስፈልገው በእጥፍ የሚበልጥ ፊልትሮ መግጠምና ጎማውን ሰፋ ማድረግ ነው። በማደያ የምናውቀው፣ ሲሞላ ራሱን የሚዘጋው መቅጃ ደግሞ የፓምፕ ግፊት ስለሚፈልግ ብዙውን ጊዜ በስበት አይሠራም፤ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራውን ይጠይቁ፣ ካልተገኘም በእጅ የሚዘጋ ይሁንና ሰው አጠገቡ ይቁም። ሌላው አደጋ ጎማው ከተቀደደ ወይም ሌባ ከቆረጠው ታንከሩ ማንም ሳይነካው እስከ መውጫው ድረስ ራሱን ማራገፉ ነው። ስለዚህ ከታንከሩ አፍ ላይ የሚቆለፍ ቫልቭ ግድ ነው፤ ማታ ማታ የሚዘጋውም እርሱ እንጂ የጎማው ጫፍ አይደለም።

መሬት ላይ የተቀመጠው ታንከር ከዚህ ሁሉ ያርፋል። ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ለመፈተሽ፣ ለመለካት፣ ከሥሩ ውሃ ለመቅዳት ይመቻል፤ በገንዳ መክበቡም ቀላል ነው። ፓምፑ ከላይ በገባ ቱቦ ስለሚስብ ጎማው ቢበጠስ እንኳ ሁሉም ነገር አይፈስም። አይፈስም ያልኩት ጸረ-ሳይፈን ቫልቭ ከተገጠመ ነው፤ የጎማው ጫፍ ከናፍጣው ከፍታ በታች ወድቆ ከቀረ ናፍጣ ያለ ፓምፕም ይወርዳልና። ዕዳው ፓምፑ ነው፦ ይገዛል፣ ይበላሻል፣ ኃይል ይፈልጋል።

የኔ ፍርድ፦ መብራት ወይም የተሽከርካሪ ባትሪ በቅርብ ካለ መሬት ላይ ያለው ይሻላል። አዲስ ዘመን ሞተር ያለው ትራክተር ካለዎት ደግሞ ጥያቄም የለውም፤ የእነዚህ ሞተሮች ኢንጀክተር በ1600፣ በ2000 ባርና ከዚያም በላይ ስለሚረጭ ደቃቅ ፊልትሮ ግዴታ ነው፣ ደቃቅ ፊልትሮን በወጉ የሚገፋው ደግሞ ፓምፕ ነው። አሮጌ ሜካኒካል ፓምፕ ያለው ትራክተር ይዞ መብራት ከሌለበት ቦታ የሚያርስ ሰው ግን ቆጡን ይሥራ፤ ሌሎቹ የሚሉትን አይስማ።

ባለ ሁለት ግድግዳ

ከፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ታንከር ውስጥ ታንከር ነው፤ የውስጡ ቢያፈስ የውጪው ይይዘዋል። ብዙዎቹ ፓምፑን፣ ቆጣሪውንና ፊልትሮውን በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ይዘው ይመጣሉ። ገንዳ መገንባት አያስፈልግም፣ በአንድ ቀን ሥራ ይጀምራል። ውድ ነው። ያም ሆኖ የላሜራውን፣ የገንዳውን፣ የጣሪያውንና የፓምፑን ወጪ ደምረው ከጎኑ ሲያስቀምጡት ልዩነቱ መጀመሪያ ካስደነገጠዎ ያነሰ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጡ፦ አንዳንዱ መውረጃ የለውም። ሻጩን «ውሃውን በየት ላውጣው?» ይበሉት፤ ከላይ በቱቦ የሚጠባበት የተለየ አፍ ካሳየዎ ደህና ነው፣ ትከሻውን ከነቀነቀ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ስለ ተንቀሳቃሹ አጭር ቃል፦ ከ100 እስከ 400 ሊትር የሚይዘው፣ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ፣ በተሳቢ ወይም በፒክአፕ የሚጫነው ትንሽ ታንከር እርሻው ከቤት ለራቀ ሰው ነው። ትራክተር ለናፍጣ ብሎ ረጅም መንገድ ሲመላለስ ጊዜም ነዳጅም ይበላል። ለቋሚ ማከማቻ ግን አይተካም፤ ከቋሚው እየቀዳ የሚያመላልስ ነው። ከመሬት በታች የሚቀበረውን ደግሞ ለአንድ ገበሬ ግቢ አልመክርም። ሲያፈስ አይታይም፣ ሲታወቅ ጉድጓድ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

የት ይቀመጥ?

ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም። ተኑ በክብሪት የሚያዘው ከ52 እስከ 55 ዲግሪ ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይያያዛል። ይህ ልዩነት ሰውን ያዘናጋዋል። ጨርቅ፣ ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ የገባ ናፍጣ እንደ ፋኖስ ክር ነው፤ ሳይሞቅም ይነዳል። እሳትና ጭድ የሚባለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ታንከሩን ከጭድ ክምርና ከድርቆሽ መጋዘን ያርቁ። ከመኖሪያ ቤትና ከከብት በረት 12 ሜትር ያህል፣ ከወንዝ ወይም ከቦይ ቢያንስ 10 ሜትር፣ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ 50 ሜትር ማራቅ ጥሩ መነሻ ነው። ከስንት ሊትር ጀምሮ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ኮንክሪት ከማፍሰስዎ በፊት የአካባቢውን የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤትና ኢንሹራንስዎን ይጠይቁ። ዱቄት ወይም አረፋ የሚረጭ ማጥፊያም በቅርብ ይሰቀል፤ ውሃ ናፍጣውን ከነእሳቱ ያንሳፍፈዋል።

ባለ አንድ ግድግዳ ታንከር ሥር ገንዳ ይሠራል። ልኩ ከታንከሩ አንድ አሥረኛ በልጦ መያዝ ነው፤ ለ1000 ሊትር 1100 ማለት ነው። ወርዱ 1.6፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ገንዳ 35 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ካለው ይበቃል። ጣሪያ ከሌለው ግን 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ 160 ሊትር ውሃ ያስገባበታል፤ ጥቂት ጊዜ ዘንቦ ካልተጠረገ ገንዳው ለሌላ ነገር ቦታ የለውም። ለዚህ ብለው ከግድግዳው ሥር ቀዳዳ እንዳይተዉ። ውሃ ያወጣል የተባለ ቀዳዳ በክፉ ቀን ናፍጣውንም ያወጣል፤ በባልዲ ወይም በፓምፕ ይጠረግ። ለቆጥ ታንከር ደግሞ ገንዳው ሰፋ ይበል፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ታንከር ሲበሳ እንደ ቧንቧ ከግድግዳው አሻግሮ ይረጫልና።

ፓምፕና ፊልትሮ

የእጅ ፓምፕ ለበርሜል ይስማማል፤ በቀን 100 ሊትር በእጅ ማሽከርከር ግን ከሳምንት በላይ ማንም አይወደውም። ባለ 12 ቮልቱ በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ ስለሚቀዳ ለአንድና ለሁለት ትራክተር በቂ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ዕረፍት ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዲሠራ አልተሰናዳም፣ ደርቆ ሲሽከረከርም ውስጡ ይበላል። በመብራት የሚሠራው ሦስት አራት ማሽን ላለው ነው። ለናፍጣ የተሠራ ፓምፕ ቤንዚን አይቅዳ፤ ብልጭታው ካልታሸገ ቤንዚኑን ለማቀጣጠል ይበቃል።

ፊልትሮው 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ)፣ ውሃ የሚያግድ ዓይነት ይሁን። ይህ ዓይነቱ ውሃ ሲያገኝ ያብጥና መንገዱን ይዘጋል። አንድ ቀን አወራረዱ ከቀነሰ ፓምፑን ከመውቀስ በፊት መውረጃውን ይክፈቱ፤ ታንከሩ ውሃ እንደያዘ እየነገረዎ ነው። መተንፈሻው ወደ ታች የታጠፈና በወንፊት የተሸፈነ ይሁን፤ ቦቴ በኃይል ሲሞላ አየሩ እንዲወጣም ሰፊ መሆን አለበት። ከውጭ የሚታየው የሊትር ማሳያ ቱቦ ደግሞ አምሮ ሳለ ተሰባሪ ነው፤ ካስገጠሙት ከሥሩ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ይኑረው። እኔ ናፍጣው ውስጥ እየነከሩ የሚለኩበትን ዘንግ እመርጣለሁ።

የትኛው ለማን?

በወር 100 ሊትር ለማያልፍ ጀሪካን። እስከ 300 ሊትር ለሚደርስ ሁለት በርሜል ከጣሪያ ሥር፣ አንድ የእጅ ፓምፕ፤ ከዚህ በላይ ማውጣት ገንዘብ ማባከን ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ መብራት ለሌለው የላሜራ ታንከር ቆጥ ላይ፣ መብራት ወይም ባትሪ ላለው መሬት ላይ በገንዳ። በግቢው ጉድጓድ ውሃ ወይም በቅርብ ወንዝ ያለው፣ ወይም ብየዳውን የሚያምነው ሰው ያጣ፣ ገንዘቡን ችሎ ባለ ሁለት ግድግዳውን ይግዛ።

ቦቴው መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሁለት ነገር ያድርጉ። ከማራገፉ በፊት ከቦቴው በብርጭቆ ያስቀዱና ወደ ፀሐይ ያንሡት፤ ናፍጣው ደመና መስሎ ከደፈረሰ አያስገቡ። ከዚያ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ይዘው ከታንከሩ አጠገብ ይቁሙ፤ ሾፌሩ በየ100 ሊትሩ ቆም ባለ ቁጥር ዘንጉን አስገብተው የረጠበበትን ይቅረጹ። ጋድም ሲሊንደር በቁመቱ አያሳይም፤ የ1000 ሊትሩ ታንከር ሩብ ቁመቱ ላይ ሲደርስ የያዘው 250 ሳይሆን 195 ሊትር ብቻ ነው፣ አናቱ አካባቢም እንዲሁ። የዘንጉ ምልክቶች መሃል ላይ ተጠጋግተው ዳርና ዳር ተራርቀው ካገኟቸው ልክ ነው። ሞልቶ ሲያበቃ ለአንድ ሌሊት ይተዉት፣ የተናወጠው ይዝቀጥ፤ ጠዋት ከመቅዳትዎ በፊት መውረጃውን ከፍተው የመጀመሪያውን ብርጭቆ ይቅዱ።